ግማሽ ምት ወደ ኋላ

ለእህት ዓለም፤

ከሁሉ አስቀድሞ፣ በቤታችን ወጥ ቤት ጥግ ቆሞ ለብዙ ዓመታት ያለ ዕረፍት፣ ያለ ዕድገትና ያለ ምስጋና ያገለገለው ፍሪጅ ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ከሥራው የተሰናበተ መሆኑን በጥልቅ ሐዘን አስታውቅሻለሁ። ሶኬቱን የነቀልኩት በገዛ እጄ ነው። አንድ ጊዜ ተንቀጠቀጠ፣ አንድ ጊዜ ተነፈሰ፣ ከዚያ ዝም አለ። በውስጡ ይኖሩ የነበሩት ግማሽ ሎሚና አንድ የማር ጠርሙስ ለጊዜው መስኮቱ ደፍ ላይ ተጠልለዋል።

ይህን ካስታወቅሁ ዘንዳ ወደ ሰላምታው ልመለስ። እንዴት አለሽልኝ እታለም? ወገብሽ ከወሊዱ በኋላ ቀና አለልሽ? ያቺ ሌሊቱን ቀን፣ ቀኑን ሌሊት ያደረገችብሽ ጉደኛ እንዴት ናት? ባለቤትሽስ ልጅቷ ስታለቅስ አሁንም እንቅልፉ ይጠናል? እንዲህ ያለ ጆሮ ለእኔ ሥራ አይሆንም፤ ለትዳር ግን መድኃኒት ነው ይባላል። እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ክብደቴም እንዳለ ነው፤ ድሮም የሚቀንስ ነገር አልነበረውምና።

አሁን ትእዛዝሽን ስለመፈጸሜ ሪፖርት ላቅርብ። "ለልጄ ማስተኛ የእማዬን ዜማ በጊታር ቅዳልኝ፤ እሱን እንደጨረስክ ቤቱን ለገዢው አስረክበህ ወደ እኔ ና፤ በዚያ ባዶ ቤት ብቻህን አትክረም" ብለሽኝ ነበር። ገዢው ፋርማሲስት ደጋግሞ እየመጣ ግድግዳውን በሜትር ለክቶታል፤ እኔንም በዓይኑ ለክቶኛል። መቼ እንደምጨርስ በትሕትና ሲጠይቀኝ፣ ሙዚቃ እንደ ኪኒን አይቆጠርም እለዋለሁ። ደግ ሰው ነው፤ ይስቃል፤ ሜትሩን ግን አያጥፍም።

አልጋዎቹ ሄደዋል። ምንጣፉ ሄዷል። የእማዬን ወንበር፣ ያንን በተለይ "ከዓይንህ አርቀው" ያልሽኝን ባለ ክንድ የእንጨት ወንበር፣ ከነሹራቧ ከነመርፌዎቿ ትናንት ለጎረቤታችን ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻታለሁ። ስለዚህ አታስቢ። ጊታሩን፣ ሁለት ማይክና ኮምፒውተሬን ይዤ ብቻዬን እመጣለሁ። ሳሎን ውስጥ ለአንድ ሰው የሚሆን ፍራሽ ጣል ካደረግሽልኝ ይበቃኛል። በዚህ ቤት ውስጥ አሁን ከእኔ በቀር ድምፅ የሚያሰማ የለም።

ይህን ያህል የዘገየሁት ለምን እንደሆነ ግን ልነግርሽ ይገባል። በስልክ ብነግርሽ ወይ ትስቂያለሽ ወይ ትጮሂያለሽ፤ በሁለቱም ልጅቷ ትነቃለች። ወረቀት ይሻላል።

ስቱዲዮዬ የእማዬ መኝታ ቤት እንደነበረ ታውቂያለሽ። ስቱዲዮ ስልሽ ደረትሽን እንዳትነፊ። ፍራሽ በሩ ላይ ይቆማል፣ ብርድ ልብስ መስኮቱ ላይ ይሰቀላል፣ ቁም ሣጥኑ ወለል ብሎ ይከፈታል። ቁም ሣጥኑን የምከፍተው የእማዬ ካፖርቶች ድምፅ ስለሚጠጡ ነው። ባዶ ግድግዳ የጊታርን ድምፅ ተቀብሎ መልሶ ይተፋዋል፤ ካፖርት ግን ውጦ ዝም ይላል። ሰው ለዚህ ሥራ ልዩ ስፖንጅ በውድ ይገዛል፤ እኔ የእናቴ ልብሶች ነበሩኝ። አንዱን ማይክ የጊታሩ አንገት ከሆዱ ጋር በሚገናኝበት በኩል፣ ከስንዝር ትንሽ ራቅ አድርጌ አቆመዋለሁ። ሌላውን በትከሻዬ በኩል፣ በጆሮዬ ከፍታ። የመጀመሪያው ጣቶቼን ይሰማል፤ ሁለተኛው ክፍሉን ይሰማል። እማዬ ደግሞ ከሁለተኛው ማይክ ጀርባ ወንበሯ ላይ ሆና ሁለቱንም ትሰማ ነበር።

ውጪ ሁኚልኝ ብላት አትሰማም። በገዛ መኝታ ቤቴ የማንን ፈቃድ ልጠይቅ ትለኛለች። ሽቦዎቹን በዓይኗ እየቆጠረች፣ "ይኼ ሁሉ ለአንድ ጊታር? ሆስፒታል እንኳ ለአንድ በሽተኛ ይህን ያህል አይሰካም" ትላለች። ተሳስቼ ስደግም፣ የቅድሙ ምን ጎደለውና ነው የምትጨቀጭቀው ትለኛለች፤ ተሳስቼ ሳልደግም ካለፍኩ ግን "እዚያች ጋ አነከሰችብህ" ብላ ታጋልጠኛለች። እጆቿ ሹራብ ይሠራሉ፤ ጉሮሮዋ ያንጎራጉራል፤ ሁልጊዜም ከእኔ ግማሽ ምት ወደ ኋላ። ዜማ መከተል አቅቷት አይመስለኝም። ልጁ ቢወድቅ ለማንሳት ከኋላ ከኋላ እንደሚሄድ ሰው ነበረች።

ከሁሉ የከፋው ሳሏ ነው። ዜማው እስኪያልቅ ድረስ አፍና ትይዘዋለች። የመጨረሻውን ክር መትቼ፣ እጄን አንስቼ፣ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ አየር ውስጥ ሲሟሟ፣ ለእኛ ለዚህ ሙያ ሰዎች ከወርቅ የምትበልጠው ያቺ መሟሟት ናት፣ ልክ እዚያ ላይ "እህ" ትላለች። አንዲት ሳል። ዞር ብዬ ሳፈጥባት "አላለቀም እንዴ?" ትለኛለች። እማዬ ከሳለች አለቀ ማለት ነው። ስንት ያማረ ቅጂ በዚያች ሳል እንደተቀበረ ባልነግርሽ ይሻላል።

አሁን ጥቂት የሙያ ወሬ ታገሺኝ፤ የሚቀጥለው ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ከመጫወታችን በፊት ዝምታ እንቀዳለን። አትሳቂ። ማንም ሳይናገር ማንም ሳይነካ ክፍሉን ብቻውን እንቀዳዋለን፤ ምክንያቱም ዝም ያለ ክፍል ዝም አይልም። ፍሪጁ ያጉረመርማል፤ የልብስ ሰፊዋ ማሽን ከግድግዳው ማዶ ይንጣጣል፤ በመንገዱ መኪና ያልፋል። በኋላ ያንን ለኮምፒውተሩ ፕሮግራም አሳየውና "የዚህ ቤት ዝምታ መልኩ ይህ ነው፤ ከጊታሩ ሥር ይህን ባገኘህበት ሁሉ እየለቀምክ አውጣልኝ" እለዋለሁ። ያወጣል። ታማኝ አሽከር ነው፤ ለምን ብሎ አይጠይቅም።

ያን ቀን ዝምታውን ስቀዳ እማዬ ወንበሯ ላይ ነበረች። ዝምታ እየቀዳሁ ነውና ድምፅ እንዳታሰሚ አልኳት። "ለዝምታ ደግሞ ማይክ? ይኼን ካወቅህ ያን ዝምተኛ አባትህን መቅዳት ነበር" አለችና ዝም አለች። እንደ እሷ ዝም ማለት። በአፍንጫዋ እየተነፈሰች፣ መርፌዎቿን እያጋጨች፣ ሳታውቀውም በጉሮሮዋ ስር እያንጎራጎረች። እኔም ሰነፍ ነኝና ያንኑ ዝምታ ለሥራዬ ሁሉ ስጠቀምበት ኖርኩ፤ ለማስታወቂያውም፣ ለሰው ሠርግ ቪዲዮም። ካለፈች በኋላም።

ያንቺን ዜማ ልቀዳ የተቀመጥኩት እንግዲህ ካለፈች በኋላ ነው። በሕይወቷ ቀድቼው አላውቅም፤ እናት ያንጎራጎረችውን ማን ይቀዳል? አንቺው ራስሽ ጽፈሽልኛል፤ "መጀመሪያውን አስታውሳለሁ፣ መጨረሻውንም ጠዋት ስትቀሰቅሰን ትለው ስለነበር አስታውሰዋለሁ፤ መሐሉ ላይ ግን ሁልጊዜ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር" ብለሽ። እኔንም እንደዚሁ። መሐሉን ሁለታችንም አንድ ቀን እንኳ ነቅተን አልሰማነውም። የማስተኛ ዜማ ጉዱ ይኼ ነው፤ ሥራውን በደንብ ከሠራ ምስክር አይገኝለትም።

ስለዚህ መሐሉን ከራሴ ፈጠርኩለት። አላማረም። ሌላ ፈጠርኩ። እሱም አላማረም። እውነቱን ልንገርሽ አይደል? እንዲያምር አልቸኮልኩም። ካማረ ቀጣዩ ነገር ቁልፍ ማስረከብ ነውና።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ በብርድ ልብሱ ቀዳዳ እየገባች፣ የቀዳሁትን ላጸዳ ተቀመጥኩ። ፕሮግራሙ የቀረውን ያሰማሻል፣ ከፈለግሽም የወጣውን ለብቻው ያሰማሻል። የወጣውን ማንም አይሰማም፤ ጥራጊ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጥ ማን ነው? እኔ ግን እያዛጋሁ የተሳሳተውን ነካሁ። ጊታሩ ጠፋ። ፍሪጁ መጣ። የስፌት ማሽኑ መጣ። ከእነሱ ሥር አንድ ሰው የእማዬን ዜማ ያንጎራጉር ነበር። ግማሽ ምት ወደ ኋላ።

የጆሮ ማዳመጫውን አወለቅሁና ወንበሩን አየሁት። ባዶ ነበር። ላንቺ ልጅ የጀመረችው ሹራብ እንዳስቀመጠችው ክንዱ ላይ ነበር፤ ያልተጨረሰው ትንሽ እጅጌ ወደ ታች ተንጠልጥሎ።

ደነገጥኩ ማለት ለክብሬ አይመጥንም። ወጥ ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ፣ ብርጭቆውን አጠብኩ፣ እንደገና ጠጣሁ፣ እንደገና አጠብኩ ብልሽ ግን ሐቅ ነው። ከዚያ "ጆሮ" የምንለውን ሰው ጠራሁት። ያ የሬዲዮ ጣቢያው የድምፅ ባለሙያ ጓደኛዬ፣ ሠርግሽ ላይ "የሙሽራዋ ግራ ጫማ ይንቋቋል" ብሎ ያሳፈረሽ። መጥቶ ሰማው፤ ቅንድቡን እንኳ አላነሳም። ዝምታውን ስትቀዳ እናትህ እዚህ ነበሩ ወይ አለኝ። ወንበሯ ላይ አልኩት። "በቃ፣ ፕሮግራሙ እሳቸውን ዝምታ ብሎ ይዟቸዋል። ከጊታርህ ውስጥ እሳቸውን የሚመስለውን ሁሉ እየለቀመ ያወጣል። የምትሰማው የራስህን ጊታር ነው፤ የእሳቸውን ልብስ ለብሶ። አዲስ ዝምታ ቅዳ፣ ይለቅሃል" አለኝ።

ደስ አለኝ። ሳይንስ ደስ ይላል። ሊወጣ ሲል ግን በወንበሩ አጠገብ እግሩን ሰብሰብ አድርጎ አለፈና "ይቅርታ" ሲል ሰማሁት። ለማን እንዳለ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

በማግስቱ ፍሪጁን አጠፋሁ። ልብስ ሰፊዋን ማሽኗን ለጥቂት ጊዜ እንድታቆምልኝ ለመንኳት። ምን ልታደርግ ነው ስትለኝ ዝምታ ልቀዳ አልኳት። "ሥራ ፈትተሃል ማለት ነው፣ ልጄ" አለችኝ፤ ግን አቆመችልኝ። የድሮውን ዝምታ ሰረዝኩት። ትንፋሼን ይዤ አዲስ ቀዳሁ። ከዚያ ዜማውን እንደገና ተጫወትኩና የወጣውን አዳመጥኩ።

ፍሪጁ የለም። ማሽኑ የለም። እሷ አለች። እንዲያውም ከበፊቱ ጠራ ብላ፤ የሚሸፍናት አልነበረምና።

መሐሉ ላይ ስደርስ እኔ የራሴን ፈጠራ እጫወታለሁ፤ እሷ ግን አልተከተለችኝም። ሌላ ሄደች። የሄደችበትን መንገድ አላውቀውም፣ እታለም፤ ሰውነቴ ግን አወቀው። ዓይኔ ከበደኝ። እዚያ ወንበር ፊት ለፊት በቀትር ቁጭ ብዬ፣ ጊታር ታቅፌ፣ እንደ ሕፃን አንቀላፋሁ። ስነቃ ቅጂው አልቆ ነበር። መልሼ ከፈትኩት፤ መልሼ አንቀላፋሁ። በመጨረሻ ቆሜ፣ ጉንጬን እየቆነጠጥኩ፣ ድምፅ በድምፅ ለቀምኩት። ድሮ ከኋላዬ የምትመጣው እማዬ እዚያ መሐል ላይ ግማሽ ምት ቀድማኝ ነበር። አንዲት ቦታ አለች፤ ዜማው ወደ ላይ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ የተኛ ልጅ ከትከሻ አውርደው አልጋ ላይ እንደሚያኖሩት፣ ቀስ ብሎ።

ጠርጣራነቴን ታውቂዋለሽ። ወንበሩን ወጥ ቤት ወስጄ ቀዳሁ፤ ማንጎራጎሩ ከወጥ ቤት መጣ፣ ከሩቅ፣ በበር በኩል። መለስኩት፤ ቀረበች። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞርኩት፤ ይህን ባላደረግሁ ይሻል ነበር። ያን ዕለት አላንጎራጎረችም። መርፌዎቹ ብቻ ይጋጩ ነበር፤ ተናዳ ቃል ማውጣት ሳትፈልግ ስትቀር እንደምታደርገው፣ ፈጠን ፈጠን እያሉ። ይቅርታ ጠይቄ መልሼ አዞርኩት። ሰው የለም ብዬ እንዳልፈር፣ ደግሞም አለ ብዬ እንዳልፈራ፣ በመሐሉ ቆሜ ነው ይቅርታ የጠየቅሁት።

እንግዲህ ፍረጂ። ይህን ቤት እንዴት ብዬ ለፋርማሲስት ላስረክብ? መሐሉን ካገኘሁ በኋላ እንኳ፣ ዜማው ሊያልቅ ሲል ሆን ብዬ አንድ ክር አበላሽ ነበር። ተበላሸ ብዬ ልደግመው፤ ስደግመው ልትመጣ። ፋርማሲስቱ ይመጣል፣ ይለካል፣ ይሄዳል። አንቺ ትጽፊያለሽ፤ እኔ "ማይኩ ታመመ" ብዬ እመልስልሻለሁ። ማይኩ ታሞ አያውቅም።

ባለፈው ግን "ልጅቷ አትተኛም። ዛሬ ቆሜ እያንቀላፋሁ ከእጄ ልትወድቅብኝ ነበር። ወንድሜ፣ እፈራለሁ" ብለሽ ጻፍሽልኝ። ያንን ደብዳቤ ክፍሉ ውስጥ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ለማን አትበይኝ። ካነበብኩ በኋላ ክፍሉ ትንፋሹን ውጦ እንደሚያዳምጥ ሰው ሆነ። ጊታሩን ቃኘሁ፣ መቅጃውን ከፈትኩና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተጫወትኩት። ክር አላበላሸሁም። መሐሉን አለፍኩ፤ ያቺን መውረጃ ወረድኳት፤ የመጨረሻውን ክር መትቼ እጄን አነሳሁ። ድምፁ ቀጠነ፣ ቀጠነ፣ መሟሟት ጀመረ።

"እህ" አለች።

የጆሮ ማዳመጫ አላደረግሁም ነበር።

ዞር ብዬ አላየሁም። እጄን እንዳነሳሁ ቆየሁ፤ ከዚያ መቅጃውን አጠፋሁ። ከሳለች አለቀ ማለት ነው፤ ይህን ሕግ ሁለታችንም እናውቀዋለን።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ባለው ፍላሽ ላይ ያለው እሱ ነው። ሚክስ ሳደርገው ከታች የሚጎተተውን ድምፅ ቀነስኩ፤ ከላይ የሚፋጨውን የጥፍሬን ድምፅ አለዘብኩ፤ ሁለቱን ማይኮች አስታረቅሁ፤ ከሥሩ ግን ምንም አላወጣሁም። መጨረሻው ላይ የምትሰሚያትንም አልቆረጥኳትም። መሐሉ ልክ መሆኑን ንገሪኝ ልልሽ ነበር፤ ግን ከምን ጋር ታመሳክሪዋለሽ? ልጅቷን ጠይቂያት። ከተኛች ልክ ነው። አንቺ ግን ቆመሽ እንዳትሰሚው፤ ልጅ ታቅፈሽም እንዳትሰሚው። አልጋዋ ላይ አስቀምጪያት፣ ከዚያ ክፈቺው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ደጋግሜ ቀድቻለሁ። የወጣውን ስሰማ ፍሪጅና መንገድ ብቻ ነው። ስለዚህ ካፖርቶቹን አጣጥፌ ለሚለብሷቸው ሰጠሁ፤ ወንበሩን ልብስ ሰፊዋ ለወገቤ ጥሩ ነው ብላ ደስ እያላት ተቀበለችኝ። ዛሬ ፍሪጁ ተሰናበተ። ነገ ቁልፉን ለፋርማሲስቱ እሰጣለሁ፤ ሜትሩንም በመጨረሻ ያጥፋል። ወደ አንቺ እመጣለሁ፣ እታለም። እሺ ብያለሁ።

ለልጅሽ እንቅልፍ፣ ላንቺ ዕረፍት፣ ለባልሽ ጆሮ ይስጥልኝ። ቤታችሁ የሚያንጎራጉር አይጣ። ያሳደገችን እጅ ከወዴትም ሆና ትደግፋችሁ። እስክንተያይ ደህና ሁኚልኝ።

ናፋቂሽ፣ ታናሽ ወንድምሽ

እርማት፦ ይህ ደብዳቤ ተፈርሞ ፖስታው ከመታሸጉ በፊት ልብስ ሰፊዋ ወንበሩን ተሸክማ መጥታለች። ስጦታ መመለስ ነውር እንደሆነ እንደምታውቅ ተናግራ፣ እንዳልቀየማትም ከለመነች በኋላ፣ "ማሽኔን ስነዳ አብሮኝ ያንጎራጉራል። እሱስ ምንም አይደል፣ ሥራ ያቀላል። ማሽኑን ሳቆም ግን ትንሽ ይቀጥልና፣ ኋላ እንደ ባነነ ሰው ዝም ይላል። ሹራቡን ደግሞ እኔ አልነካሁትም" ብላለች። በዚህም መሠረት፣ ከላይ "ወንበሩን ሰጥቻታለሁ" እና "ብቻዬን እመጣለሁ" የተባለው ተሰርዟል። ለአንድ ሰው የሚሆን ፍራሽ የተባለው እንዳለ ይጸናል፤ ከልጅቷ አልጋ አጠገብ ግን ለአንድ ወንበር የሚበቃ ቦታ እንዲዘጋጅ፣ ፊቱም ወደ ግድግዳ እንዳይሆን። እንዲሁም ስለ ሹራቡ "ያልተጨረሰው ትንሽ እጅጌ" ተብሎ የተጻፈው "የተጨረሰው" ተብሎ ይነበብ።